የጋሽ ወልዴ ምስማር

ዛሬ የአረፋ ዋዜማ ነው። ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በሚገባ ሰው ተጥለቅልቃለች። በሬ የሚጎትተው፣ ሻንጣ የሚጎትተው፣ ልጅ የሚጎትተው ሁሉ በደጃፌ ያልፋል፤ የመናኸሪያው ጡሩምባ ጆሮ አያሰማም። እኔም ከንጋት ጀምሬ ቆሜ ፀጉር እያስተካከልኩ ነው። ስልሳ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል፤ ጉልበቴ «ኧረ ሸምሱ፣ ተቀመጥ» ይለኛል፤ እጄ ግን ምላጭ ሲይዝ ዛሬም አይንቀጠቀጥም። ይንቀጠቀጣል የሚል ካለ መጥቶ ጉሮሮውን ይስጠኝና እንተያይ።

ረፋድ ላይ አንድ ወጣት ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። እዚሁ ቅርብ ያለችው የእንሴኖ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ይሠራል፤ እናቱ ቤት ከመግባቱ በፊት ሊስተካከል ነው የወረደው። ጎንና ጎኑን አሳጠርኩ፣ አናቱን ዘመኑ እንደሚወደው ተውኩለት፣ የአንገቱን ዙሪያ በምላጭ ጨርሼ በአልኮል ጠረግሁት። ብድግ አለና ስልኩን አወጣ። ግድግዳዬ ላይ የልጅ ልጄ የለጠፈችው፣ በስልክ የሚነበብ ባለ አራት ማዕዘን ወረቀት አለ፤ እሱ ላይ ደቀነው። ጠበቀ። በሩ ላይ ወጥቶ ስልኩን ወደ ዘቢዳር ተራራ ዘረጋው፤ ተመለሰ፤ እንደገና ደቀነው።

«አባባ፣ ሲስተም የለም እኮ» አለኝ።

«ጥሬ ብርስ?»

ኪሱን አንድ በአንድ ዳበሰ። «ወላሂ አንድ ብር አልያዝኩም። ሁሉን ነገር በስልክ ስለለመድኩ… ባንክ ደርሼ ልምጣ?»

«ባንኩም ሲስተም የለም ብሎ ሰው እየመለሰ ነው። ከአንተ በፊት የተስተካከለው ነው የነገረኝ።»

ልጁን ላብ አጠመቀው። አሁን የላጨሁት አንገቱ ሳይቀር ቀላ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ይለው ነበር። እኔ ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄ መጣ። ከበሩ በስተቀኝ ያለውን ወፍራም ምስማር በጣቴ አሳየሁትና «ኮፍያህን እዚያ ስቀል» አልኩት።

«ምን አሉኝ?»

«ኮፍያህን ስቀልና ሂድ። እናትህ ትጠብቅሃለች። በቻልክ ጊዜ ከፍለህ ራስህ ታወርደዋለህ። በሰው እጅ ግን አይሆንም፤ እናትህም ብትሆን አትከፍልልህም።»

የምቀልድ መስሎት ፈገግ አለ፤ ፊቴን አየ፤ ከዚያ ከፊቱ ጥላ ያለውን ጥቁር ኮፍያውን ቀስ ብሎ ሰቀለና አንገቱን እየደባበሰ ወጣ። እሱ ሲወጣ የአልኮሉ ሽታ ቤቱ ውስጥ ቀረ። እኔም ቀጣዩን ሰው ማስቀመጥ ትቼ ያችን ኮፍያ እያየሁ ቆምኩ። ስንት ዘመን ሆነኝ ምስማሩ ላይ ኮፍያ ካየሁ! ሰዉ ሁሉ በስልክ ከፋይ ከሆነ ወዲህ ምስማሩ ሥራ ፈቶ ነበር።

ይህ ምስማር ከዚህ ግድግዳ በዕድሜ ይበልጣል። ሙያውን ያስተማረኝ የጋሽ ወልዴ ምስማር ነው። ጋሽ ወልዴ፣ ነፍሱን ይማር፣ ከገበያው መግቢያ ዋርካው ሥር በቆርቆሮ የተከለለች ቤት ነበረችው። አንድ ወንበር፣ ጥጉ የተሰበረ አንድ መስታወት፣ ግድግዳው ላይ ምላጭ የሚስልበት ያረጀ የወታደር ቀበቶ፣ መደርደሪያው ላይ በባትሪ የሚሠራ ራዲዮ። ባትሪው ሲደክም አውጥተን ጣሪያው ላይ ፀሐይ እናሞቀዋለን፤ እንደገና ነፍስ ይዘራል፤ ዘፋኙ መጀመሪያ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ይጎረንንና ሲቆይ ድምፁ ይከፈትለታል። ያን ጊዜ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነኝ። ሱሪዬ ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሁለት እግር የሚያስገባ ነበር፤ ጭቃ ላይ ስሄድ መንገዱን እየጠረግሁ ነው የምሄደው። ጎረምሳው ሁሉ ፀጉሩን አሳድጎ በሚዶ እያቆመ፣ «ጫፍ ጫፉን ብቻ» እያለ ሥራ አስፈትቶን ነበር። ያኖሩን ገበሬዎቹ ናቸው፤ ራሳቸውን ሙልጭ አድርገው የሚላጩት።

ፀጉር ስሙኒ ነው፤ ሃያ አምስት ሳንቲም። ፀጉርና ጢም ሽልንግ ነው፤ ሃምሳ ሳንቲም። በስሙኒ ምን ይገኝ ነበር ብትሉኝ፣ ሻይ በዳቦ በልተህ ጠጥተህ መልስ ትቀበላለህ። ሁሉም በሳንቲም አይከፍልም። የማረቆው ሰው በርበሬ ይዞ ይመጣል፤ ሌላው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ፤ ሌላው እንቁላል በጭድ ይዞ፣ በገበያው ግፊያ ግማሹ ተሰብሮበት፣ «የቀረውን ቁጠርልኝ» ይላል። ጋሽ ወልዴ ሁሉንም ይቀበላል። ምንም የሌለው ሰው ሲመጣስ? ያ ነው የምስማሩ ነገር።

ጋሽ ወልዴ ምስማሩን የመታው እኔ እያየሁ ነው። አንድ የገበያ ቀን አንድ ገበሬ ተላጭቶ ከተነሳ በኋላ ሳንቲም የቋጠረበት ጨርቅ ከወገቡ ተፈትቶ ወድቆ አጣው። ሰውየው አለቀሰ። ሳንቲሙ አይደለም ያስለቀሰው፤ ከሰው ወንበር ሳይከፍል መነሳቱ ነው። ጋሽ ወልዴ ከመሳቢያው ምስማር አወጣ። መዶሻ የለንም። ጫማውን አወለቀና በተረከዙ ጓ! ጓ! አድርጎ ግድግዳው እንጨት ላይ መታው። «ኮፍያህን ስቀል» አለው። «የሰቀልከው አንተ ነህ፣ የምታወርደውም አንተ ነህ። እስከዚያ ማንም አይነካውም፣ ማንም አይጠይቅህም።» ሰውየው እንባውን ጠርጎ ኮፍያውን ሰቀለ። ቀና ብሎ ወጣ። ሳይከፍል የሄደ ሰው አይመስልም ነበር፤ እንዲያውም ትልቅ ነገር አደራ ሰጥቶን የሄደ ነው የመሰለው።

ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። መጠየቅ አያስፈልግም፤ የተላጨ ራስ ራሱ ይናገራል። ባዶ ራሱን እያብለጨለጨ በገበያው መሀል የሚያልፍ ሰው ካየህ «ኮፍያው ወልዴ ዘንድ ነው» ትላለህ፤ በቃ። ስድብ የለበትም፤ ዝናብ መታው እንደማለት ነው። ግን ፀሐዩ አናት ሲጠብስ፣ ብርዱ ጆሮ ሲቆነጥጥ፣ ባለቤቱ ይቸኩላል። አንድ ጊዜ አንዱ ሀብታም ወንድም መጥቶ የወንድሙን ኮፍያ ከፍሎ ሊያወርድ እጁን ዘረጋ። ጋሽ ወልዴ እጁን በሚዶ መታው። «ተው! አንተ ስትከፍልለት ለኔ የነበረበት ላንተ ይዞራል እንጂ መች ቀረለት? እሱ ራሱ ይምጣ።»

ሙዘይንን መቼም አልረሳውም። የእንሴኖ ሰው ነው፤ አዲስ አበባ ሥራ ፍለጋ ሊሄድ ሲል ተላጨ፤ ለመኪና የያዛትን ሳንቲም ከሚነካ ኮፍያውን ሰቀለና ባዶ ራሱን ተሳፈረ። ሦስት ክረምት አለፈ። ኮፍያው አቧራ ሲለብስ ጋሽ ወልዴ ያራግፈዋል፤ ጣሪያው ሲያፈስ ከራዲዮኑ በፊት እሱን ያነሳዋል። «ኧረ ሽጠው፣ ሰውየው ቀልጦ ቀርቷል» የሚሉት በዙ። አይሰማም። ታዲያ አንድ የአረፋ ዋዜማ፣ እንደ ዛሬው ከተማው በሰው ሲጨናነቅ፣ አንድ ኮት የለበሰ ሰው ገባ። ሰላም አላለንም። ቀጥ ብሎ ሄደና ስሙኒ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ኮፍያውን አወረደ፤ አራገፈ፤ ራሱ ላይ አደረገ፤ ይሄን ጊዜ ነው ወደኛ ዞሮ «አሰላሙ አለይኩም!» ያለው። ጋሽ ወልዴ ክርስቲያን ነው፤ ግን ከሁላችን ቀድሞ «ወአለይኩም ሰላም! አንተ፣ ዋጋ እኮ ሽልንግ ገብቷል!» አለ። ሙዘይን ደንግጦ ኪሱ ሲገባ፣ «ቀልዴን ነው፤ በተላጨህበት ቀን ዋጋ ነው» ብሎ አቀፈው። ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ሰው ሲኮራ አላየሁም ነበር፤ እስከ እንግሊዝ አገሩ ቀን ድረስ።

ጋሽ ወልዴ ሲደክም ወንበሩን ለልጁ ሰጠ። እኔን ጠርቶ ምስማሩን በጉጠት ነቀለና እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። «ያንተ ይኸ ነው» አለኝ። ያኔ ከፍቶኝ ነበር፤ ምነው ወንበሩ ለኔ በሆነ ብዬ። አሁን ወንበሩ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም፤ ምስማሩ ይኸውና።

አሁን ወደ እንግሊዝ ልውሰዳችሁ። ልጄ ሙሒባ ወልቂጤ ተምራ ነርስ ሆና እዚያ ነው የምትኖረው። ከሁለት ዓመት በፊት ስትወልድ «አባዬ፣ መጥተህ አዛን በጆሮው በለው» አለችኝ። በሕይወቴ ከጅዳ በቀር ባሕር ተሻግሬ አላውቅም፤ ጅዳ ሁለት ዓመት ሠርቼ የገበያ ዐረብኛ ይዤ ተመልሻለሁ፤ እንግሊዝኛ ግን «ያስ» እና «ኖ» ነው። ከመሄዴ በፊት በላቤ ያጠራቀምኩትን መንዝሬ ሁለት ባለ ሃያ ፓውንድ ወረቀት ኮቴ ውስጥ አስገባሁ። ሰው አገር ስሄድ የሰው እጅ ላለማየት ነው።

ወገኖቼ፣ ገንዘቡን የሚቀበለኝ አጣሁ! አውቶብስ ስንገባ ኪሴን እስክዳብስ ልጄ ስልኳን አንድ ሣጥን ላይ ነካ አድርጋ ሁለታችንንም አስገብታለች። ሻይ ቤት ሄድን፤ «ካርድ ብቻ» ተብሎ ተለጥፏል። መስኮት የሚያጥብ ሰው አለ፤ ቤት ሰው በሌለበት መጥቶ ያጥባል፣ ወረቀት ጥሎ ይሄዳል፣ እሷ ሥራ ቦታዋ ሆና በስልክ ትከፍለዋለች። ተያይተው አያውቁም። «ምን ዓይነት ሰው ነው?» ስላት «እንጃ፣ ጎበዝ ነው» አለችኝ። ውኃው፣ መብራቱ፣ ቆሻሻ የሚያነሳው፣ ቴሌቪዥኑ ሳይቀር በየወሩ መጀመሪያ ማንም ሳይጠይቅ፣ ማንም ሳይሰጥ፣ ገንዘቡ ራሱ ተነስቶ ይሄዳል። አንድ ስፖርት ቤት አለ፤ ከወለደች ጀምሮ እግሯ አልረገጠውም፤ ለሱም ይሄዳል። የበሰለ ምግብ ቤታችን የሚያመጣ ልጅ አለ፤ በሩ ላይ አስቀምጦ ይሮጣል፤ እኔ «ና ግባ፣ ውኃ ጠጣ» ልል በር ስከፍት ጀርባውን ነው የማየው። በትልቁ ሱቅ ደግሞ የገዛኸውን ራስህ ለማሽኑ ታሳየዋለህ፣ ራስህ ትከፍላለህ፣ ራስህ ታሽገዋለህ። «እንግዲህ ሱቁንም ራሳችን እንዝጋላቸው?» አልኳት። ሽልንግ ወዴት አለች ብዬም ጠይቄያለሁ፤ ከነሱ የመጣች ስም አይደለች እንዴ! ጠፍታለች አሉኝ። እኛ ዘንድ ግን ሃምሳ ሳንቲም እስከ ዛሬ ሽልንግ ናት፤ ከነሱ ይልቅ እኛ ጠበቅንላቸው።

ነገሩ ያስቃል፤ ግን ውስጤን በላኝ። ሁለት ወር ሙሉ ከእጄ አንዲት ሳንቲም አልወጣችም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው እጁን ወደኔ ሲዘረጋ፣ እኔም ወደ ሰው ስዘረጋ የኖርኩ ነኝ። እዚያ ግን እንደ ሕፃኑ የልጅ ልጄ ተሸክመው ይወስዱኛል፣ ተሸክመው ይመልሱኛል። ልጄን አልወቅሳትም፤ ማር የሆነች ልጅ ናት። ግን ሰው እንግዳ ሆኖ ሁለት ወር ሲቀመጥ ሰውነቱን ይጠራጠራል። አንድ ነገር ብቻ ደስ አለኝ፤ ሱቁ ደጃፍ ያሉት የዕቃ ጋሪዎች በሰንሰለት ታስረዋል፤ አንድ ፓውንድ ሳንቲም ስታጎርሳቸው ይፈታሉ፤ ጋሪውን ስትመልስ ሳንቲምህን ይመልሱልሃል። «አየሽ! እነሱም ማስያዣ ያውቃሉ!» ብዬ ጮህኩ። ሰዉ ዞሮ አየን።

አረፋ ሦስት ቀን ሲቀረው ፀጉሬና ጢሜ አድጎ ነበር። ልጄ ሥራ ላይ ናት። «ለዚህስ ልጄን አልጠብቅም» ብዬ ብቻዬን ወጣሁ። ጥጉ ላይ ፀጉር አስተካካይ አለ። ባለቤቱ ካርዋን ይባላል፤ ኩርድ ነው፤ ዐረብኛም ይችላል። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ኮፍያዬን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። እጁ ጥሩ ነው፤ ባለሙያ ባለሙያን ያውቃል። ጉንጬን ወጠር ሲያደርግ ምላጩ በየት በኩል እንደሚሄድ አውቅለታለሁ። ሲጨርስ ተነሥቼ በኩራት ያችን ሃያ ፓውንድ ዘረጋሁለት።

እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ይቅርታ ዐሚ» አለኝ፤ አጎቴ ማለቱ ነው። «ጥሬ ገንዘብ አንቀበልም። ሌባ ሰብሮ ከገባብኝ ወዲህ ማሽኑ ብቻ ነው።»

«ካርድ የለኝም።»

«ምንም አይደል፣ ሂድ። ሐላል ይሁንልህ። ሽማግሌ ነህ፣ እንግዳ ነህ፣ ዒድ ደርሷል።»

ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት፤ አንስቶ ኪሴ ውስጥ ከተተው። እንደገና አወጣሁ፤ እንደገና ከተተው። ሰውየው ቸር ነው፣ አላህ ይስጠው፤ ግን ቸርነቱ አንገቴን አስደፋኝ። ከሰው ወንበር ሳልከፍል ልነሳ? እኔ? የምስማሩ ባለቤት? ያ ጨርቁ የወደቀበት ገበሬ ምን እንዳስለቀሰው ያን ጊዜ ገባኝ። ዙሪያዬን ሳይ ግድግዳው ላይ የካፖርት ማንጠልጠያ አለ። ኮፍያዬን ሰቀልኩና ወጣሁ።

ገና አሥር እርምጃ ሳልሄድ ከኋላዬ ሩጫ ሰማሁ። ካርዋን ነው፤ ኮፍያዬን ይዞ፣ «ዐሚ! ዐሚ! ረሳኸው!» እያለ በካፊያው ውስጥ ይሮጣል። «አልረሳሁትም፣ ስቀለው» አልኩት። ራሴ ላይ አደረገልኝ። አወለቅሁና ሰጠሁት። መለሰልኝ። አውቶብስ የሚጠብቀው ሰልፈኛ ሁሉ ወደኛ ዞረ፤ ሁለት ትልልቅ ሰዎች አንዲት ኮፍያ በዝናብ እየተገፋፉባት! መቼም የቡታጅራ ፀጉር አስተካካይ ካልሆነ በቀር በዓለም ላይ እንዲህ የሚያደርግ የለም። በመጨረሻ በዐረብኛ «ረህን ነው፣ ረህን!» ብዬ ጮህኩበት፤ ማስያዣ ነው ማለቴ ነው። «ከፍዬ እኔው በእጄ አወርዳታለሁ። እስከዚያ አትንካት።»

ቆመ። ባዶውን ራሴን አየ፤ ዝናቡ እየወረደበት ነው። ከዚያ ኮፍያዬን በሁለት እጁ ይዞ ተመለሰ፤ በመስታወቱ በኩል ሲሰቅላት አየሁት።

ማታ ሙሒባ ነገሩን ስትሰማ «አባዬ! ምን ጉድ ነው? ሁለት ሰከንድ እኮ ነው፤ አሁን ሄጄ ስልኬን አስነክቼ ላምጣልህ!» አለች።

«አይሆንም።»

«በብርድ ልትታመም ነው! በቃ አዲስ ኮፍያ እገዛልሃለሁ።»

«ራስ አንድ ነው፤ ኮፍያውም አንድ ነው።»

«ዒድ ሶላት ላይ ባዶ ራስህን ልትቆም?»

«እቆማለሁ! ሙሒባ፣ አንቺ ያደግሽው በዚያ ምስማር አይደለም? የትምህርት ቤት ደብተርሽ ከየት መጣ? ሌላ ሰው ያወረደው ኮፍያ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ተነሥታ የራሷን ሻርፕ አምጥታ አንገቴ ላይ ጠመጠመችልኝ። «አንገት ላይ ይፈቀዳል አይደል?» አለችኝ። ይፈቀዳል አልኳት።

ሁለት ቀን ባዶ ራሴን ዞርኩ። በሰኔ ያ ሁሉ ብርድ! ከሁሉ የከፋው ግን መንገዱን አለማወቄ ነበር። እዚያ አገር በምን እከፍላለሁ? በርበሬ የለኝ፣ ቆጮ የለኝ፣ ካርድ የለኝ። ጠዋት ጠዋት በሱቁ በኩል አልፌ በመስታወቱ ውስጥ ኮፍያዬን አያታለሁ። ካርዋን ያየኛል፤ ምንም አይለኝም። ደንቡ ገብቶታል።

የዒዱ ዋዜማ ከዐስር ሶላት በኋላ ሳልፍ ሰልፉ ከሱቁ ወጥቶ መንገዱን ይዟል። ሱዳኑ፣ ሶማሌው፣ ፓኪስታኑ፣ ዐረቡ፣ ሁሉ ለዒድ ሊስተካከል መጥቷል። አብሮት የሚሠራው ሰው ታሞ ቀርቷል፤ ካርዋን ብቻውን ነው፤ ላቡ ይንጠባጠባል፤ ሁለተኛው ወንበር ባዶ ነው። ወላሂ ልቤ ዘለለች። ይኸውልህ መክፈያው! ገባሁ። ሰላም አላልኩም። ኮቴን አወለቅሁ፣ እጄን ታጠብኩ፣ አዲስ ምላጭ መያዣው ላይ አስገባሁ፣ ሽርጥ ታጠቅሁና ከባዶው ወንበር ጀርባ ቆምኩ። ካርዋን መቀሱን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ። ተራ ጠባቂዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ጉሮሮውን ለማያውቀው ሽማግሌ ማን ይሰጣል? አንድ አዛውንት ሱዳናዊ ተነሣ። እጄን ለአፍታ አየው። «ይህ እጅ የሠራ እጅ ነው» አለና ተቀመጠልኝ።

እንግዲህ ጉራ ከመሰላችሁ ይምሰላችሁ! ያን ጢም እንደ መስታወት አደረግሁት። ጆሮው ሥር ያለችውን ጠማማ ፀጉር፣ ማሽን የማያገኛትን፣ በሁለት ጣት ወጥሬ አንድ ጊዜ ብቻ አስነካኋት። ሱዳናዊው ጉንጩን በመዳፉ አሻሸና «ማሻአላህ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ሰልፉ ወደኔ ዞረ። ዘጠኝ ሰው ሠራሁ። አንዱም አልደማ። ክፍያውን ሁሉ ካርዋን በማሽኑ ይቀበላል፤ ማሽኑ ጢጥ ባለ ቁጥር አንዲት ክር ከራሴ ላይ የምትፈታ ይመስለኝ ነበር።

የመጨረሻው ሰው ሲወጣ እጄን ታጠብኩ፤ ኮቴን ለበስኩ። ካርዋን ገንዘብ በካርድ እልክልሃለሁ፣ በልጅህ በኩል እሰጥሃለሁ እያለ ይለምነኛል። እኔ ግን ቀጥ ብዬ ወደ ማንጠልጠያው ሄድኩ። ኮፍያዬን በእጄ አወረድኩ፤ አራገፍኩ፤ ራሴ ላይ አደረግሁ። ይሄን ጊዜ ዞሬ «አሰላሙ አለይኩም!» አልኩ። ካርዋንና ሊያዩኝ የቀሩት ሦስት አራት ሰዎች ባንድ ድምፅ «ወአለይኩም ሰላም!» ሲሉ፣ የሙዘይን ኩራት ከነኮቱ መጥቶ ላዬ ላይ ተቀመጠ። ስልሳ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ፤ እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም። ካርዋን ሻይ ቀድቶልኝ ወለሉን እየጠረገ፣ ሁሉን ነገርኩት፤ ዋርካውን፣ የቆርቆሮዋን ቤት፣ ገበሬውን፣ ጫማውን፣ ሦስት ክረምት የጠበቀችውን ኮፍያ። መጥረጊያውን ይዞ ቆሞ ቀረ።

ቤት ስደርስ ሙሒባ ኮፍያዬን ራሴ ላይ አይታ እልል አለች፤ እንዴት እንዳወረድኳት ስነግራት ደግሞ ክው አለች። «አባዬ! ቪዛህ ሥራ አይፈቅድልህም እኮ!»

«ሥራ ማን ሠራ? ኮፍያዬን ነው ያወረድኩት።»

በማግስቱ ሶላት ላይ ኮፍያዬን አድርጌ ቆምኩ። ከፊቴ ባለው ሰልፍ ዘጠኝ የማውቃቸው አንገቶች ነበሩ።

ይህን ሁሉ ሳስብ ነው ዛሬ ቀኑ የመሸብኝ ልል ነበር፤ ግን አልመሸም፤ ከዐስር ሶላት በፊት የእንሴኖው ልጅ ባዶ ራሱን እየሮጠ ተመልሶ መጣ። «ሲስተም መጣ!» እያለ ገባ። ስልኩን ባለ አራት ማዕዘኑ ወረቀት ላይ ደቀነ፤ ጥግ የተቀመጠችው የልጅ ልጄ ስልኳ ጢጥ አለ፤ «ገባ» አለች። እናቱ ብር ልትሰጠው ብትለምነውም አሻፈረኝ እንዳለ ነገረኝ። «አባባ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲያየኝ ኮፍያህ ጋሽ ሸምሱ ዘንድ ነው እንዴ እያለ ይስቃል። ሽማግሌው ሁሉ ያውቀዋል ለካ!» ራሱ አወረደው፤ ራሱ አደረገው። «አሰላሙ አለይኩም» አለ፤ ማንም ሳይነግረው። ስሙኒም ይሁን በርበሬ፣ ስልክም ይሁን ጢጥ የሚል ማሽን፣ ለኔ ልዩነት የለውም፤ የባለቤቱ እጅ ከሆነ ተከፍሏል።

ልጁ ገና በር ላይ ሳለ የኔ ስልክ ጮኸ። ሙሒባ ናት፤ በምስል። «አባዬ፣ የት እንዳለሁ እይ!» አለችና ስልኳን አዞረችው። የካርዋን ቤት ነው። ካርዋን ላቡን እየጠረገ ብቅ አለ፤ ለዒዱ ሰልፍ ነው፤ ጠዋት ማሽኑ ተበላሽቶ ሰዉ መክፈያ አጥቶ እንደነበር በጩኸት ይነግረኛል። ከዚያ ግድግዳውን አሳየኝ። ከካርድ ማሽኑ በላይ፣ ማንጠልጠያው አይደለም፣ ወፍራም ምስማር ተመቷል። አንድ የሱፍ ኮፍያ፣ አንድ የኳስ ቡድን ኮፍያ፣ አንድ ነጭ የሶላት ቆብ፣ ሦስቱም ተደራርበው ተሰቅለዋል። የእንሴኖው ልጅ ከትከሻዬ በላይ አጮልቆ አየና የራሱን ኮፍያ ያዝ አደረገ።

እኔም «ካርዋን፣ ምስማሩን በምን መታኸው?» አልኩት።

ካርዋን ከት ብሎ ሳቀና አንድ እግሩን አንሥቶ የጫማውን ተረከዝ አሳየኝ።